መዝገቡ ላይ ሁሉም ልጅ ጠብቷል፦ የአንድ ማዋለጃ ክፍል የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሌሊት ተረኞች ሥራ እያስረከቡን ነው። ድህረ ወሊድ ክፍል ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተወለደ ወንድ ልጅ አለ። ቀኑን ጨርሶ ነው የተወለደው። ክብደቱ ደህና ነው። እንደወጣ አልቅሷል። መዝገቡ ላይ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ጀምሯል» በሚለው ዓምድ ሥር ራይት ተደርጎበታል።

አያትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ እንቅልፍ አበዛ፤ ደህና ነው ትያለሽ?» አሉ። ነካሁት። እግሩ ቀዝቅዟል። ስቀሰቅሰው ዓይኑን ከፈት አድርጎ መልሶ ጨፈነ። እናቲቱን ጡት ጠብቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኧረ ገና ነው ሲስተር፤ ወተቱ አልመጣልኝም» አለች። እስከዚያች ሰዓት አፉ የገባው ነገር አያትየው በማንኪያ ጫፍ የሰጡት ስኳር ውሃ ብቻ ነው።

ከተረከዙ ደም ወስደን ስኳሩን ለካን። ወርዷል። ሐኪም ተጠራ፤ ሕክምና ተጀመረ። ልብሱን አውልቀን እናቱ ደረት ላይ አስተኛነውና ከላይ ብርድ ልብስ ደረብን። ነቃ ሲል እንገሩን በእጅ አልበን በትንሽ ኩባያ ሰጠነው። ከሰዓት በኋላ ራሱ አፉን ከፍቶ ጡት ያዘ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባ።

ይህን የምጽፈው ግን በዚያች ራይት ምክንያት ነው። ራይቷን ያደረገው አዋላጅ ነርስ ሰነፍ አይደለም። ብወልድ እሱ እጅ ላይ ብወልድ ደስ ይለኛል። በዚያች ሌሊት ሦስት እናቶችን አዋልዷል፤ አንዷ ብዙ ደም ፈሷታል። መዝገቡን የሞላው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሁሉንም ዓምድ በአንድ ትንፋሽ። ራይት ማድረግ እንደ ፊርማ ነው፤ እጅ ይለምደዋል። እኔም ማዋለጃ ክፍል ስሠራ ስንት ራይት እንዲያው እንዳደረግሁ እግዜር ይቁጠረው። ስለዚህ የሆስፒታሉንም የማንንም ስም አልጠቅስም።

ክፍሉ

ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ውጪ ነው። ማዋለጃው አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን አልጋዎቹ በመጋረጃ ተለያይተዋል። ጥግ ላይ የሕፃናት ማሞቂያ ጠረጴዛ አለ፤ አጠገቡ ሚዛን። ማታ ሁለት አዋላጆች ይገባሉ። አንዱ ወላድ ይዞ ሪፈር ከሄደ አንድ ይቀራል። ኮሪደሩ ላይ ቤተሰብ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ይጠብቃል።

ጉዳዩን እንደ ችግር ያነሳው ሰው አልነበረም። የአገሪቱም ቁጥር መጥፎ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 73 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንደጀመሩ ይናገራል። እርግጥ ይህ እናቶች አስታውሰው የሰጡት መልስ ነው። በእኛ ክፍል ደግሞ መዝገቡን ላየ ሰው ሁሉም ልጅ ጠብቷል። ሞልቶ የተገኘ ዓምድ ማን ይመረምራል?

መዘግየቱ ቀላል ነገር አይደለም። በጋና፣ በሕንድና በታንዛኒያ ወደ 100 ሺህ በሚጠጉ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጡት የጀመሩት ከ2 እስከ 23 ሰዓት ዘግይተው የሆኑት ሕፃናት እስከ 28ኛው ቀን ድረስ የመሞት አደጋቸው በመጀመሪያው ሰዓት ከጀመሩት በ41 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከአንድ ቀን በላይ በዘገዩት ላይ ደግሞ በ79 በመቶ። ይህን ቁጥር ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ማንም አልተከራከረኝም። «እናውቃለን» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያውቃሉ።

ሰዓት ይዘን ስንቆም

መጀመሪያ ያደረግነው የጽሑፍ ፈተና መስጠት ነበር። ሁሉም አለፉ። እንገር ምን ጥቅም አለው፣ ልጅ መቼ ጡት ይጀምራል፣ ስንት ወር ጡት ብቻ ይጠባል፤ ሁሉም ይመልሳል። ፈተናው የጠቀመን አንድ ነገር ነው። ችግሩ እውቀት ላይ እንዳልሆነ አሳየን።

ከዚያ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ያህል ተራ በተራ ማዋለጃው ውስጥ ሰዓት ይዘን ቆምን። ለሠራተኛው ምን እንደምናደርግ ነግረናል። ልጁ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ የት እንዳለ፣ ማን እጅ ላይ እንዳለ ብቻ እንጽፋለን።

ልጁ ይወለዳል። ይደረቃል፤ እናቱ ሆድ ላይ ትንሽ ይቆያል። እትብቱ ይቆረጥና ወደ ማሞቂያው ይሄዳል። ይመዘናል። ቫይታሚን ኬ ይወጋል። የዓይን ቅባት ይቀባል። የእጅ መለያው ይታሰራል። ይጠቀለላል። ከዚያ እንደ ስጦታ ዕቃ ኮሪደር ላይ ለአያቱ ይሰጣል። እናትየው ውስጥ ትቀራለች፤ እንግዴ ልጁ ይጠበቃል፣ ስፌት ካለ ትሰፋለች፣ ትታጠባለች። ወደ ድህረ ወሊድ ክፍል ስትዛወር ልጁ ይመጣላታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ይሳሳማሉ፣ አጥሚቱ ይቀዳል።

ልጁ በዚያን ጊዜ ተኝቷል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ጨቅላ ሕፃን እንደተወለደ ለአንድ ሰዓት ከዚያም ጥቂት ለበለጠ ጊዜ ንቁ ነው። ዓይኑ ፈጦ ይፈልጋል። ከዚያ ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኛ ያችን ንቁ ሰዓት በሚዛንና በመርፌ እንጨርሳታለን፤ ሲተኛ «አጥቢው» ብለን ለእናቱ እንሰጣታለን። አይጠባም። እሷ «ወተት የለኝም» ትላለች። አያት ስኳር ውሃ ያነሳሉ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነገር ነው።

ሁለተኛው ያየነው ነገር እጃችንን ነው። ነርስ ልታግዝ ስትመጣ በአንድ እጇ የልጁን ጭንቅላት ከኋላ፣ በሌላው ጡቱን ትይዝና ሁለቱን ታገናኛለች። ልጁ ጭንቅላቱ ሲገፋ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ይጮኻል። እናት «ጡቴን ጠላው» ብላ ታለቅሳለች። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራች ሲስተርም ከኮሌጅ ትናንት የወጣ ልጅም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሲሠሩ ያዩት ይህንን ነዋ።

የመጀመሪያው ስልጠና

አልሠራም። በአዳራሽ፣ በፕሮጀክተር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነበር። ሻይ ነበረ፣ አበል ነበረ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ነበረ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓት ይዘን ስንቆም ልጁ አሁንም ወደ ሚዛን ይሄዳል። ሰርተፍኬቱ ግን በየሰዉ ፋይል ውስጥ ገብቷል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለእናቶች ክፍል ሠራተኞች ያዘጋጁት የ20 ሰዓት ኮርስ ነበረ። ከዚያ ውስጥ አራት ሰዓት ተኩሉ ከእናቶች ጋር የሚደረግ ልምምድ ነበር። እኛ ጊዜ የለም ብለን የቆረጥነው ያንኑ ነበር። ሆስፒታሎች ጡት ማጥባትን እንዲደግፉ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጡት «አሥሩ እርምጃዎች» በ2018 እ.ኤ.አ. ሲከለሱ ደግሞ ሁለተኛው እርምጃ ሠራተኛው በቂ እውቀት፣ ብቃትና ክህሎት እንዲኖረው ነው የሚጠይቀው። ስንት ሰዓት አዳራሽ ተቀመጠ አይልም። ይህን ቀድመን ብናስብበት የሻይ ወጪው ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው ስልጠና

ይኼኛው አልጋ አጠገብ ነው የተደረገው። በተረኛ ርክክብ ሰዓት፣ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ፣ ለሳምንታት።

ከሁሉ አስቀድመን ሚዛኑን አነሳን። ከማዋለጃው አውጥተን ድህረ ወሊድ ክፍል በር ላይ አስቀመጥነው። ቫይታሚን ኬውና የዓይን ቅባቱም አብረውት ሄዱ። ሁለት ቀን ጩኸት ነበር። «ክብደቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚል በዛ። ነገር ግን ልጁ ደህና ከሆነ ክብደቱ ከአንድ ሰዓት በኋላም ያው ነው። መርፌውም ይደርሳል። ሚዛኑ ክፍል ውስጥ ከሌለ ልጁ የሚሄድበት የለውም፤ እናቱ ደረት ላይ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህን ነው የምይዘው።

ያላለቀሰ፣ ያልተነፈሰ ልጅ በዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ይሄዳል፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ለትንፋሹ ናት። ይህን በየቀኑ ደጋግመን እንናገር ነበር።

ከዚያ ወደ ልምምዱ ገባን። ቡናማ ካልሲ በጨርቅ ሞልተን ጡት ሠራን። አሻንጉሊት ገዛን። ነርሶቹ እርስ በርስ እናትና አዋላጅ እየሆኑ ተለማመዱ። ሳቁ ብዙ ነበር፤ ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፦ የሚያግዘው ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣጥፎ ይቆማል። በአፉ ብቻ ያስረዳል። ልጁ ፊቱም ሆዱም ወደ እናቱ ይዙር። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ። አፍንጫው የጡቱን ጫፍ ትይዩ ይሁን። አፉን በሰፊው ሲከፍት ያኔ ወደ ራስሽ አስጠጊው። በደንብ ከያዘ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጪ ይገለበጣል፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ከላይ በኩል ከታች በልጦ ይታያል።

እጅን ወደ ኋላ ማጣጠፍ ቀላል ይመስላል። ለነርስ መከራ ነው። እጃችን ሥራችን ነው። አንዷ ሲስተር ሳታውቀው እጇ እየቀደማት ሦስት ጊዜ ካልሲውን ይዛ ተገኘች።

ወንዶቹ አዋላጆች ግን ባልጠበቅነው መንገድ ቀደሙን። እነሱ ድሮም ከእናት ጡት ጋር ያፍራሉ፤ እናቶቹም ያፍሯቸዋል። ስለዚህ «እገዛ» የሚባለውን ለሴቶቹ ይተዉ ነበር። ሳይነኩ ማገዝ ይቻላል ሲባሉ ነፃ ወጡ። ካልሲውን ይዘው ከአልጋው ራቅ ብለው በአሻንጉሊቱ ያሳያሉ፣ እናት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትሞክራለች። ያችን ራይት ያደረገው ልጅ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዝ አስረጂ እሱ ሆነ።

አዋላጆችን ያሳመናቸው ክርክር ደግሞ ስለ ልጁ አልነበረም። ስለ ደም ነው። ልጅ ሲጠባ የእናትየው ሰውነት ኦክሲቶሲን ያመነጫል። እኛ ከወሊድ በኋላ የምንወጋው መድኃኒት መሆኑ ነው። ማህፀን ይኮማተራል። መርፌውን አይተካም፤ ግን ያግዘዋል። አንድ ሌሊት ደም ሲፈስ ያየ አዋላጅ ይህ ሲነገረው ጆሮው ይቆማል።

ብቃት የምናረጋግጠው በማየት ነበር። እያንዳንዱ ነርስ እውነተኛ እናት ሲያግዝ አጠገቡ እንቆማለን። እጁ ካልቀደመው፣ ልጁ በደንብ መያዝ አለመያዙን ለይቶ ከተናገረ እንፈርምለታለን። ካልሆነ ነገ እንደገና።

አያቶች

በእቅዳችን ውስጥ አልነበሩም። ስኳር ውሃውን የሚሰጡት፣ ቅቤውን የሚያቀምሱት ግን እነሱ ናቸው። በክፋት አይደለም። ልጁ እንዳይራብ፣ ጉሮሮው እንዲረጥብ፣ አንጀቱ እንዲለሰልስ ብለው ነው። እንገሩን ደግሞ አንዳንዶቹ ቢጫ ስለሆነ «ያደረ ነው» ብለው ያስደፉታል።

መጀመሪያ ተቆጣናቸው። ያኔ ቅቤው በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ መግባት ጀመረ። ከዚያ ከገጠር የመጣች አንዲት ነርሳችን አንዲት አያት አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ቤትዎ ላም አለች?»

«አለች እንጂ።»

«ስትወልድ ጥጃዋን እንገር ትከለክሏታላችሁ?»

«በሞቴ! ያለ እንገር ጥጃ ይቆማል እንዴ?»

ነርሷ ዝም አለች። አያትየው ወደ ልጁ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «ጉደኛ ነሽ አንቺ» አሉና ሳቁ። በማግሥቱ ሌላ አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴትዮን ሲያስተምሩ ሰማናቸው። ያን ንግግር ሁላችንም ተማርነው። ከተማ ላደጉትና ላም ለሌላቸው ግን አይሠራም። ለእነሱ የመጀመሪያው ቀን እንገር ጥቂት ማንኪያ ብቻ መሆኑን፣ የልጁም ሆድ ከዚያ በላይ እንደማይፈልግ በማንኪያ እያሳየን ማስረዳቱ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ አንድ አስታማሚ ወደ ውስጥ እንድትገባ ፈቀድን። እናትየው ስትሰፋ ልጁን ደረቷ ላይ ደግፋ የምትይዝ ሰው ተገኘች። ለሁለት አዋላጅ ሌሊት ሦስተኛ እጅ ማለት ነው።

የተበላሸው

አንድ ቀን ልጅ ልንጎዳ ነበር። ልጁ እናቱ ደረት ላይ ነው፣ ብርድ ልብስ ተደርቧል፣ ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ። እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራ እንቅልፍ ወሰዳት። ነርሷ ለሌላ ወላድ ሄዳለች። ስትመለስ የልጁ ፊት ጡቱ ውስጥ ተቀብሯል፣ ከንፈሩም ጠቁሯል። ቶሎ ስላዞረችው ተነፈሰ፤ ደህና ሆነ። እኛ ግን ለቀናት እንቅልፍ አጣን።

ስህተቱ የስልጠናው ነው። ደረት ላይ አስተኙ አልን፤ አትለዩት አላልንም። ከዚያ ወዲህ በየ15 ደቂቃው ይታያል፦ አፍንጫው ክፍት ነው? አንገቱ ቀና ነው? ቀለሙ ደህና ነው? እናቱ ነቅታለች? ሠራተኛ በማይኖርበት ጊዜ አስታማሚዋ ይህንኑ እንድታይ ይነገራታል። ይህን ክፍል ሳይዝ «ገላ ለገላ» የሚያስተምር ስልጠና ባይሰጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

በኦፕራሲዮን የወለዱት ጋር ብዙም አልተራመድንም። እናት በወገቧ ተወግታ ከሆነ ነቅታለች፤ ልጁን እዚያው ማቀፍ ትችላለች። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ግን የሌላ ሰው ግዛት ነው። የሰመመን ባለሙያው፣ ሐኪሙ፣ የክፍሉ ነርስ፤ አንዳቸውንም አላሠለጠንንም ነበር። «እዚህ ጠባብ ነው፣ ይቀዘቅዛል» አሉን። የእናቱ ደረት እንደሚያሞቀው ብንነግራቸውም በር ላይ የቆመ ሰው ምክር አይሰማም። ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ማስጀመር ቻልን፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ሌላው የሠራተኛ መቀያየር ነው። ከወራት በኋላ የሠለጠኑት ግማሾቹ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። አዲስ የመጡት ሚዛኑን አይተው «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» ብለው ሊመልሱት ሲሉ ደረስንባቸው።

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ እናቶችን በተመለከተም ነርሶቹ ያመነቱ ነበር። የአገሪቱ መመሪያ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ልጁም መከላከያውን እያገኘ ጡት እንዲጠባ ነው የሚያዘው። ይህን በስልጠናው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ያለፍነው። አንዲት እናት ለሁለት ሰዓት «ሐኪም እስኪመጣ» ተብላ ከጠበቀች በኋላ ነው ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ የሰጠነው።

መዝገቡ

ዓምዱን ቀየርነው። ራይት ቀርቶ ሰዓት ይጻፋል፦ የተወለደበት፣ ጡት የያዘበት። ለመዋሸት ራሱ ማሰብ የሚጠይቅ ሆነ።

የሆነውም ይህ ነው፦ ቁጥሩ ወረደ። ሁሉም ልጅ ጠብቷል ሲል የኖረ መዝገብ «ይሄኛው በሁለት ሰዓቱ፣ ያኛው በሦስት ሰዓቱ» ማለት ጀመረ። የወሩ ሪፖርት ሲወጣ የሥራ ኃላፊው ጠራን። «ስልጠና ሰጣችሁ፣ ውጤቱ ወረደ፤ ምንድን ነው?» አለ። ማዋለጃው ውስጥ ሰዓት ይዘን የጻፍነውን የድሮውን ወረቀት አሳየነው። ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ አየና ዝም አለ። ወረቀቱ ባይኖረን ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆም ነበር። ሌላ ክፍል ይህን ቢጀምር መጀመሪያ ሰዓት ይዞ ይቁም፤ የጻፈውንም አይጣል። አለቃውንም ቁጥሩ ሊወርድ ነው ብሎ አስቀድሞ ይንገረው። እኛ አልነገርነውም፤ ስህተታችን ነበር።

ለሌላ ክፍል

ከእኛ ልምድ የሚወሰድ ካለ፣ ሰው ማሠልጠን ከመጀመሩ በፊት የሥራው ቅደም ተከተል ይታይ። ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ሠራተኛውን ያዘዋል። ስልጠናው አልጋ አጠገብ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ይደጋገም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር የሚያስተምር አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ እኛ ጋር ያ ሰው የቀድሞው ባለ ራይት ነው። ቀዶ ጥገና ክፍሉን ከመጀመሪያው ቀን ጋብዙ። አያቶችን ከኮሪደር አስገቧቸው። የማያስፈልገው የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ሁሉም ያልፋል።

ለካልሲው ጡት አንድ ምክር፦ የሚታጠብ ይሁን። የእኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ሌላ ሆኖ ነበር።

በቅርቡ ጠዋት ርክክብ ላይ አንድ አዲስ ልጅ የመዝገቡን ገጽ ይዞ መጣ። የአንዱ ሕፃን ሰዓት ባዶ ነው። «ሌላ ወላድ ጋር ነበርኩ፤ መቼ እንደያዘ አላየሁም» አለ። ባዶውን ተወው አልኩት። ወደ አልጋው ሄደን ልጁን አየነው። እየጠባ ነው፤ አገጩ ጡቱን ነክቷል።